የቡና ተክል በሽታና በጫካችን የተገኘው መድኃኒት

ለመንደር ትምህርት ቤት መምህራንና ማንበብ ለሚያውቁ ሽማግሌዎች የተዘጋጀ ትምህርት

መግቢያ

በአዲስ አበባ ከተማ በስተ ሰሜን ምሥራቅ፥ ከእንጦጦ ተራራ ሥር፥ ፈረንሳይ ለጋሲዮን የሚባል ሰፈር አለ። ይህን ስም ያገኘው ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ለፈረንሳይ መንግሥት መልእክተኛ መኖሪያ ይሆን ዘንድ በዚያ ስፍራ መሬት ስለ ሰጡ ነው። እኔም በዚሁ ሰፈር እኖራለሁ። በሰፈራችን ከጠዋት እስከ ማታ ቡና የማይቈላበት፥ ጀበናም የማይጣድበት ሰዓት የለም። ዐይኑን ወደ ተራራው ያነሣ ሰው ግን ባሕር ዛፍን፥ ጥድንና ወይራን ያያል እንጂ የቡናን ዛፍ አያይም።

አንድ ቀን ከጎረቤት ቤት ቡና ስንጠጣ አንዲት አሮጊት እናት፥ «ልጄ፥ አንተ ጽሕፈት ዐዋቂ ነህና ንገረኝ፤ ይህን ያህል የምንወደው ቡና ስለ ምን በደጃችን አይበቅልም?» ብለው ጠየቁኝ። እኔም፥ «እማማ፥ አገሩ ደጋ ስለ ሆነ ነው» አልኋቸው። እርሳቸው ግን፥ «ይህማ መልስ አይደለም፤ ደጋ መሆኑን እኔም ዐውቃለሁ። ደጋው ቡናውን ምን አደረገው?» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። ከዚያ ቀን ዠምሮ ስለ ቡና የተጻፈውን ለማንበብ ተጋሁ። ባነበብሁም መጠን የእርሳቸው ጥያቄ ከሌላ ከሚበልጥ ጥያቄ ጋራ የተያያዘ መሆኑን አስተዋልሁ፤ ይኸውም፥ ቡና በበሽታ ሲመታ መድኃኒቱ ከወዴት ይገኛል? የሚል ነው።

የዚህ ትምህርት ዋና ነገር በአጭር ቃል ይህ ነው። የቡናችን ጽኑ በሽታ መድኃኒቱ የተገኘው ከባሕር ማዶ በጠርሙስ ተሞልቶ ከመጣ ነገር ሳይሆን፥ በገዛ ጫካችን ካሉት ከልዩ ልዩ የቡና ዛፎች ነው። ስለዚህ የዛፎቹን ልዩ ልዩነት ያጠፋ ሰው ገና ያልመጣውን በሽታ መድኃኒት ያጠፋል። ይህንንም ከመዠመሪያው በተራ እናስረዳለን። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅ።

፩ ስለ ቡና ተክል ጠባይ

ዐረቢካ የተባለው የቡና ዐይነት በተፈጥሮው የጫካ ተክል ነው። ማንም ሳይተክለው በከፋ፥ በኢሉባቦር፥ በጅማ፥ በሸካና በቤንች ጫካዎች ውስጥ ከታላላቅ ዛፎች ጥላ ሥር ይበቅላል። ስዊድናዊው የዕፅዋት ሊቅ ሊኔ በ1753 «የዐረብ ቡና» የሚል ስም የሰጠው፥ ቡና ወደ አውሮፓ የገባው ከየመን ስለ ነበር ነው፤ የትውልድ አገሩ ግን በእኛ ዘንድ ነው።

ይህ ተክል የሚወደው ስፍራ ከባሕር ወለል በላይ ከ1 ሺህ 300 እስከ 2 ሺህ ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው፥ ዝናብ የማይጐድልበት፥ አፈሩ ጥልቅና ውሃ የማይቋጥር አገር ነው። ሙቀት ሲበዛበት ይደክማል፤ ብርድ ሲበዛበት እድገቱ ይቆማል፤ ውርጭ የነካው እንደ ሆነ ቅጠሉ በእሳት እንደ ተለበለበ ሆኖ ይደርቃል። ፈረንሳይ ለጋሲዮን ከባሕር ወለል በላይ 2 ሺህ 500 ሜትር ገደማ ነው፤ የእንጦጦ ራስ ደግሞ ከ3 ሺህ ሜትር ያልፋል። በጥቅምትና በኅዳር ሌሊት ከተራራው የሚወርደውን ብርድ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። እንግዲህ አንድ የቡና ችግኝ ከቤት ግድግዳ ተጠግቶ፥ ከነፋስ ተከልሎ፥ በጭንቅ ሊኖር ይችል ይሆናል፤ ነገር ግን ባለቤቱን የሚጠቅም ፍሬ አይሰጥም። ለእማማ ጥያቄ መልሱ ይህ ነው።

ቡና በበጋ ተጠምቶ ከቆየ በኋላ ዝናብ ሲያገኘው ነጭ አበባ ያብባል፤ መዓዛውም ደስ ያሰኛል። አበባው በጥቂት ቀን ይረግፋል፤ ፍሬው ግን እስኪቀላ ድረስ ከሰባት እስከ ዘጠኝ ወር ይፈጅበታል። ከዚህ ጋራ አንድ ታላቅ ጠባይ አለው። ከሌሎች ብዙ ዛፎች ተለይቶ፥ ዐረቢካ ቡና አብዛኛውን ጊዜ የሚፀንሰው ከራሱ አበባ በሚገኘው ዱቄት ነው። ስለዚህ ከአንድ ዛፍ ፍሬ የበቀሉት ችግኞች እጅግ አድርገው እናታቸውን ይመስላሉ። አንባቢ ይህን ነገር በልቡ ይያዝ፤ ኋላ ይጠቅመናልና።

፪ ከጥቂት ዛፎች ስለ ተዋለደው የዓለም ቡና

ቡና ከአገራችን ወደ የመን ተሻገረ፤ ከየመንም የሆላንድ ነጋዴዎች ወስደው በእስያ ደሴቶች ተከሉት። በ1706 አንድ ተክል ወደ አምስተርዳም የአትክልት ስፍራ መጣ። በ1714 የአምስተርዳም ሰዎች የዚያን ተክል ዘር ለፈረንሳይ ንጉሥ ለሉዊ 14ኛ ገጸ በረከት ሰጡት፤ እርሱም በፓሪስ በንጉሡ የአትክልት ስፍራ ተተከለ። በ1720ዎቹ ደግሞ ከፓሪስ አንድ ችግኝ ማርቲኒክ ወደምትባል ደሴት ተሻገረ፤ ዘሩም ከዚያ ወደ ብዙ የአሜሪካ አገሮች ተሠራጨ። በ1715 ፈረንሳዮች በሌላ መንገድ ከየመን ወደ ቡርቦን ደሴት ወስደው የተከሉት ቡናም እንዲሁ በየአገሩ ተዋለደ።

የእኛ ሰፈር በፈረንሳይ ስም ይጠራል፤ በፈረንሳይ ንጉሥ አትክልት ስፍራ የተተከለው ያ ዛፍ ግን የዘር ሐረጉ ከእኛ ጫካ ይመዘዛል። ይህን የምንናገረው ለመመካት አይደለም። ከዚህ ታሪክ አንድ ብርቱ ነገር ስለሚከተል ነው። በአሜሪካ አገሮች በተራራ ላይ የተዘረጋው ብዙው ቡና የጥቂት እናቶች ልጅ ሆነ። ቡናም ራሱን በራሱ የሚያፀንስ ስለ ሆነ ልጆቹ ሁሉ እርስ በርሳቸው ተመሳሰሉ።

መመሳሰል ምን ይጐዳል የሚል ሰው ቢኖር፥ በምሳሌ እንንገረው። በአንድ መንደር ያለው ደጃፍ ሁሉ በአንድ ቍልፍ የሚከፈት ቢሆን፥ ሌባ ያን አንድ ቍልፍ ያገኘ ዕለት ከመንደሩ የሚተርፍ ቤት የለም። ቍልፉ ልዩ ልዩ ከሆነ ግን አንዱ ቤት ቢዘረፍ ሌላው ይድናል። በሽታም እንደ ሌባው ነው።

ይህ ነገር በሴይሎን ደሴት፥ ዛሬ ስሪ ላንካ በምትባለው አገር፥ በግልጥ ታየ። በዚያ አገር እጅግ ሰፊ የቡና እርሻ ነበረ። በ1869 በቡናው ቅጠል ሥር እንደ ብርቱካን ልጣጭ የቀላ ዱቄት ታየ። ይህም የቅጠል ዋግ የሚባለው በሽታ ነው፤ በስንዴ ላይ የሚወርደውን ዋግ የሚያውቁ የደጋ ሰዎች መልኩን ለማሰብ አይቸገሩም። በ1880 ማርሻል ዋርድ የሚባል እንግሊዛዊ የዕፅዋት መርማሪ ወደዚያ ተልኮ፥ በሽታው በዐይን የማይታይ ሻጋታ መሆኑን፥ ዘሩም በነፋስና በዝናብ ከቅጠል ወደ ቅጠል እንደሚዛመት በምርመራ አስረዳ። ነገር ግን ዕውቀቱ ከመገኘቱ በፊት በሽታው ደሴቱን ሁሉ ወርሶት ነበርና ቡናው አልዳነም። ባለ እርሻዎቹም ቡናውን ነቅለው ሻይ ተከሉ። ሴይሎን ዛሬ በሻይ እንጂ በቡና የማትታወቀው ስለዚህ ነው።

የቅጠል ዋግ በእኛም አገር አለ። በጫካና በጓሮ የሚገኘው ቡናችን ግን በጥላ ሥር፥ ልዩ ልዩ ዘር ተቀላቅሎበት የሚኖር ስለ ሆነ፥ እንደ ሴይሎን ያለ ፍጹም ጥፋት አላደረሰብንም።

፫ በ1971 ስለ ደረሰው የፍሬ በሽታና ሊቃውንት ስለ መረመሩት

ነገር ግን ከዋግ ሌላ፥ ቅጠሉን ትቶ ፍሬውን የሚመታ በሽታ አለ። ይህ የቡና ፍሬ በሽታ በመዠመሪያ የታወቀው በ1922 በኬንያ ነው። በ1971፥ በእኛ አቈጣጠር በ1963 ዓ.ም. ገደማ፥ በኢትዮጵያ መኖሩ ታወቀ፤ በጥቂት ዓመታትም ወደ ብዙዎቹ የቡና አገሮች ተዛመተ።

የበሽታው ምልክት እንዲህ ነው። ፍሬው ገና ለጋና አረንጓዴ ሳለ፥ በሚያድግበት ወራት፥ ትንሽ ጥቍር ነጥብ ይታይበታል። ነጥቡ እየሰፋ ወደ ውስጥ ይሰረጕዳል፤ በመጨረሻም ፍሬው በሙሉ ጠቍሮ ይረግፋል፥ ወይም ደርቆ እንደ ከሰል በቅርንጫፉ ላይ ይቀራል። ዛፉ ራሱ አይሞትም፤ ቅጠሉም ለምለም ነው። ስለዚህ ከሩቅ ያየው ሰው እርሻው ደኅና ይመስለዋል፤ ለመልቀም ሲቀርብ ግን የሚለቀም አያገኝም። ሻጋታው ብርድና እርጥበት ይወዳልና ከፍ ባለው አገር፥ ጭጋግና ዝናብ በማይለይበት ስፍራ ይበረታል። በልዩ ልዩ ጊዜ የተደረጉ ግምቶች በሽታው በአገር ደረጃ ከፍሬው ከ24 እስከ 30 በመቶ ያህል እንደሚያጠፋ ተናግረዋል፤ በአንዳንድ እርሻ ግን ባለቤቱ ሁሉን እስኪያጣ ድረስ ይደርሳል። ልጁን የሚያለብሰው፥ ግብሩን የሚከፍለው፥ ዕዳውን የሚያቃልለው በቡና ብቻ ለሆነ ገበሬ ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ መተርጐም አያስፈልግም።

በዚያን ጊዜ ሁለት መንገድ ነበረ። አንደኛው መንገድ ከመዳብ የተሠራ መድኃኒትና ይህን የመሰለውን በዛፉ ላይ መርጨት ነው። በኬንያ ሰፋፊ እርሻ ያላቸው ሰዎች ይህን ያደርጉ ነበር። ነገር ግን መርጨቱ በዝናቡ ወራት ደጋግሞ እንጂ አንድ ጊዜ ብቻ አይበቃም፤ መርጫ መሣሪያ፥ ብዙ ውሃና ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል። በጓሮው ጥቂት መቶ እግር ቡና ያለው የእኛ ገበሬ ይህን በየዓመቱ ሊያደርግ አይችልም።

ሁለተኛው መንገድ ከዛፎቹ መካከል በሽታውን የሚመክተውን መፈለግ ነው። በጅማ አጠገብ መልኮ በሚባል ስፍራ በ1967 የተቋቋመ የእርሻ ምርምር ማዕከል ነበረ። የማዕከሉ ሠራተኞች ከተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት ከመጡት የዕፅዋት ሐኪሞች፥ ከእነ ራውል ሮቢንሰንና ኋላም ከቫን ደር ግራፍ ጋራ ሆነው ይህን መንገድ መረጡ። ሥራቸውንም መምህራን ለልጆች ቢያስረዱ ምርምር ምን እንደ ሆነ የሚያስተምር መልካም አብነት ነውና በአራት ከፍለን እንጽፈዋለን።

መዠመሪያ፥ ፈለጉ። በሽታው እጅግ በበረታበት ወራትና በበረታበት ስፍራ በቡናው መካከል እየዞሩ፥ በዙሪያው ያሉት ዛፎች ፍሬያቸው ጠቍሮ ሳለ ፍሬው ንጹሕ ሆኖ የተገኘውን ዛፍ ለዩ። በሽታ በሌለበት አገር ጤነኛ ዛፍ መፈለግ ከንቱ ነው፤ ሁሉም ጤነኛ ነውና። ወረርሽኙ ራሱ መርጦ የተወውን ማየት ይሻላል።

ሁለተኛ፥ ምልክት አደረጉ። ለእያንዳንዱ ዛፍ ቍጥር ሰጡት፥ ያለበትንም ስፍራ ጻፉ። ዛሬ ገበሬዎች 74110ና 74112 የሚሏቸው ዝርያዎች ስማቸውን ያገኙት ከዚህ ነው፤ 74 የሚለው ዛፉ የተመረጠበት 1974 ነው፤ ተከታዩ የዛፉ ተራ ቍጥር ነው። እነዚህ ሁለቱ የተገኙት በኢሉባቦር በመቱ አጠገብ ቢሻሪ ከሚባል ስፍራ ነው።

ሦስተኛ፥ ፈተኑ። ዋናው የምርምር ጥበብ ያለው በዚህ ነው። አንድ ዛፍ ጤነኛ ሆኖ ስለ ተገኘ ብቻ በሽታን ይመክታል ማለት አይደለም። ምናልባት ነፋሱ ሻጋታውን አላደረሰበት ይሆናል፤ ምናልባት ያበበበት ጊዜ ከጎረቤቶቹ ተለይቶ ይሆናል። በጦርነት ያልቈሰለ ሰው ሁሉ ጀግና አይደለም፤ ከጦሩ ሜዳ ያልደረሰም ይኖራልና። ስለዚህ መርማሪዎቹ የሻጋታውን ዘር ከታመመ ፍሬ አውጥተው፥ በውሃ በጥብጠው፥ ዛፉ ላይ ባለው ለጋ ፍሬ ላይ አደረጉበት፤ ደግሞ ፍሬውን ቀጥፈው በምርመራ ቤት እንዲሁ ፈተኑት፤ ከዛፉ ዘር የበቀሉትንም ለጋ ችግኞች ረጩአቸው። በዚህ ሁሉ ፈተና ጸንቶ የተገኘው ብቻ ተመረጠ።

አራተኛ፥ ልጆቹን አዩ። የተመረጡትን ዛፎች ዘር በልዩ ልዩ አገር ተክለው፥ በሽታውን መመከቱና ብዙ ማፍራቱ ከእናት ወደ ልጅ መተላለፉን ተመለከቱ። ከላይ በልብህ ያዝ ያልነው ነገር እዚህ ይጠቅማል፤ ቡና ራሱን በራሱ የሚያፀንስ ስለ ሆነ የጽኑዋ እናት ልጆች ጽኑዓን ሆነው ተገኙ። ሁለት ዝርያ አዳቅሎ አዲስ ዝርያ ማውጣት ከሀያ ዓመት በላይ ሊወስድ ሲችል፥ በዚህ መንገድ ግን በሽታው ከታወቀ ዐሥር ዓመት ሳይሞላ፥ ከ1970ዎቹ መጨረሻ ዠምሮ፥ የተመረጠው ዘር ለገበሬ ይታደል ዠመረ።

ይህ ሁሉ እንዲህ የፈጠነው ስለ ምንድር ነው? ሊቃውንቱ ጽናትን ስለ ፈጠሩ አይደለም፤ ጽናቱ አስቀድሞ በጫካውና በጓሮው ነበረና ነው። በሴይሎን እንዲህ ያለ ፍለጋ ቢደረግ ኖሮ፥ ዛፎቹ ሁሉ ተመሳሳይ ስለ ነበሩ የሚመረጥ ባልተገኘም ነበር።

፬ ስለ ግንድ አድርቅ በሽታና ስለ እጃችን ጥፋት

የፍሬው በሽታ ፍሬን ያጠፋል እንጂ ዛፍን አይገድልም ብለናል። ዛፉን የሚገድለው ግንድ አድርቅ የሚባለው በሽታ ነው። ይህም በሽታ በኢትዮጵያ መኖሩ በ1950ዎቹ ተጽፎአል። ምልክቱ፥ ቅጠሉ ብዙ ጊዜ በአንድ ወገን ዠምሮ ይገረጣል፥ ይጠወልጋል፥ ይረግፋል፤ ከዚያም ዛፉ በሙሉ ይደርቃል። ከግንዱ ሥር ልጡን ቢልጡት እንጨቱ ጠቈር ያለ መስመር ይዞ ይገኛል።

ይህ ሻጋታ የሚገባው በቍስል ነው። ገበሬው አረሙን በገጀራ ሲመነጥር የቡናውን ግንድ ሳያስበው ያቈስላል፤ የታመመውን ዛፍ የነካውም ብረት ጤነኛውን ሲነካ በሽታውን ያጋባል። ስለዚህ በሽታውን ከዛፍ ወደ ዛፍ የሚወስደው ነፋስ ብቻ አይደለም፤ የእኛም እጅ ነው። መከላከያው እንዲህ ነው።

የታመመውን ዛፍ ከነሥሩ ነቅሎ እዚያው በቆመበት ስፍራ ማቃጠል ይገባል፤ እየጐተቱ በእርሻው መካከል ማሳለፍ አይገባም። በቡናው ግንድ አጠገብ ያለውን አረም በእጅ መንቀል እንጂ በገጀራ መመንጠር አይገባም። ብረቱን ከአንዱ ዛፍ ወደ ሌላው ሲያልፉ በእሳት ለብለብ ማድረግ ይገባል። ዛፉ በተነቀለበት ጕድጓድ ወዲያው ሌላ ቡና መትከል አይገባም፤ ጊዜ ሊሰጡት ያስፈልጋል።

ለፍሬው በሽታም እንዲሁ፥ የተመረጠውን ዘር ከመትከል ጋራ፥ ደርቀው በቅርንጫፍ የቀሩትን ጥቋቁር ፍሬዎች መልቀም፥ የተጨናነቀውን ቅርንጫፍ መግረዝና ነፋስ እንዲያልፍበት ማድረግ ይረዳል።

፭ መድኃኒቱ ምንጩን እንዳያደርቅ

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ደርሰናል። በሽታ የሚመክተው ዘር በታደለ ጊዜ፥ ብዙ ገበሬ የአባቱን ቡና ነቅሎ አዲሱን ተከለ። በዚህ አይነቀፍም፤ ልጆቹን ማብላት አለበትና። ነገር ግን አስቡ። ሁሉም ሰው የቀድሞውን ነቅሎ ጥቂቶቹን የተመረጡ ዝርያዎች ብቻ ቢተክል፥ እኛም እንደ ሴይሎን መንደሩን ሁሉ በአንድ ቍልፍ ዘጋነው ማለት ነው። ደግሞ ጫካው ለእርሻ፥ ለእንጨትና ለሰፈራ ሲመነጠር በውስጡ ያለው የዱር ቡና አብሮ ይጠፋል። እንግዲህ በምርምር የተገኘው መልካም ዘር ራሱ፥ ጥንቃቄ ካልተደረገ፥ የተገኘበትን ምንጭ ሊያደርቅ ይችላል። ነገ ሌላ በሽታ ቢመጣ መርማሪዎች ከየት ጫካ ገብተው ይፈልጋሉ?

ስለዚህ ዘርን የሚጠብቁ ሰዎች ተነሥተዋል። በዚሁ በየካ ክፍለ ከተማ፥ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ብዙ ሳይርቅ፥ የኢትዮጵያ ብዝኀ ሕይወት ኢንስቲትዩት ይገኛል። በ1976 ሲቋቋም የዕፅዋትን ዘር መሰብሰብና መጠበቅ ሥራው ነበር። የስንዴ፥ የገብስና የጤፍ ዘር ደርቆ በብርድ ክፍል ውስጥ ቢቀመጥ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት ይቆያል። የቡና ዘር ግን ጠባዩ ሌላ ነው፤ አድርቀው በብርድ ቢያስቀምጡት ሕይወቱን ያጣል። ስለዚህ ቡናን በጎተራ ማስቀመጥ አይቻልም፤ በሕይወት እንዳለ ዛፍ አድርጎ መጠበቅ ያስፈልጋል። በጅማ በጎማ ወረዳ ጮጬ በሚባል ስፍራ ከየአገሩ የተሰበሰበ ከ5 ሺህ በላይ የቡና ናሙና ተተክሎ የሚጠበቀው ስለዚህ ነው። በመልኮም የምርምር ማዕከሉ የሰበሰበው አለ። ከዚህም ጋራ በ2010 የያዩና የከፋ ጫካዎች፥ በ2012 ደግሞ የሸካ ጫካ፥ ዩኔስኮ በሚባለው የዓለም ድርጅት የተከለሉ የሕይወት ጥብቅ ስፍራዎች ሆነው ተመዝግበዋል።

የአየሩም መለወጥ ሌላ ጭንቀት ነው። በ2017 የታተመ የእንግሊዝና የኢትዮጵያ ሊቃውንት ጥናት፥ ምንም ዝግጅት ካልተደረገ በዚህ ክፍለ ዘመን ፍጻሜ ዛሬ ቡና ከሚበቅልበት ምድር ከ39 እስከ 59 በመቶ የሚሆነው ለቡና የማይመች ሊሆን ይችላል ብሎአል። ነገር ግን ጫካ ከተጠበቀና ቡናው ወደ ከፍተኛው አገር ከተዛወረ ለቡና የሚመች ምድር እጅግ ሊሰፋ እንደሚችልም አመልክቶአል። ቡና ወደ ደጋው ሲወጣ ግን ብርድና ጭጋግ የሚወደው የፍሬ በሽታ በዚያ ይጠብቀዋል። ስለዚህ ወደ ላይ የሚወጣው ቡና በሽታውን የሚመክት ሊሆን ይገባዋል፤ የሚመክተውንም ለመምረጥ ልዩ ልዩ ዘር ሊኖረን ያስፈልጋል። የደጋ ሰው፥ «ይህ የቆላና የወይና ደጋ ሰው ጉዳይ ነው» ብሎ እንዳይተወው ይህ አንድ ምክንያት ይሁን።

፮ ለመምህራንና ለሽማግሌዎች የተሰጠ ምክር

ትምህርት ቤታችሁ በቡና አገር ከሆነ ይህን አድርጉ። ልጆችን በክረምት ወደ ቡናው ውሰዱአቸውና ፍሬው የጠቈረውንና ንጹሕ የሆነውን ዛፍ ይለዩ። ለየዛፉ ቍጥር ሰጥተው፥ በደብተር ቀኑንና ያዩትን ይጻፉ። በሚቀጥለውም ዓመት፥ በሦስተኛውም ዓመት ያንኑ ዛፍ ይመልከቱ። ሦስት ዓመት ንጹሕ ሆኖ የተገኘ ዛፍ ቢኖር ለእርሻ ልማት ሠራተኛው ያመልክቱ። ልጆቹ ከዚህ የሚማሩት ስለ ቡና ብቻ አይደለም፤ በአንድ ቀን ባዩት ነገር አለመፍረድን ይማራሉ።

ችግኝ ማፍላትንም አስተምሩአቸው። ዘሩ ጤነኛ ከሆነ ዛፍ፥ ደም መስሎ ከቀላ ፍሬ ይወሰድ። የላይኛው ሥጋ ተፈልፍሎ፥ ገለፈቱ ግን ሳይነሣ፥ በጥላ ውስጥ ይጠፈፍ፤ ብዙ ሳይቆይም በለሰለሰ መደብ ይዘራ። ጥላና ውሃ አይጕደልበት። የሚተከልበት ጕድጓድ ቀደም ብሎ ተቈፍሮ፥ የላይኛው አፈርና ብስባሽ ተመልሶበት ይቆይ፤ ችግኙም ዝናቡ ሲጸና ይተከል። ዋንዛና ብርብራ የመሰሉት ዛፎች ለጥላ መልካም ናቸው። ሦስት ወይም አራት ዓመት ሲሆነው ማፍራት ይዠምራል።

ትምህርት ቤታችሁ እንደ እኛ ሰፈር በደጋ ከሆነም ይህ ትምህርት አይቅርባችሁ። በስንዴና በገብስ ላይ ያው ነገር ይታያል። ዋግ በወረደበት ዓመት ዋግ ያልነካው ዛላ በእርሻው መካከል ቢገኝ፥ ያን ለይቶ ማስቀመጥና ለብቻው መዝራት የቀድሞ አባቶቻችንም ጥበብ ነው።

እናንተ ሽማግሌዎች ደግሞ ልጆቻችሁ አዲሱን ዘር ሲተክሉ አትከልክሉአቸው። ነገር ግን ከአሮጌው ቡና ጥቂት እግር በጓሮው ጥግ እንዲተዉ ምከሩአቸው፤ ስሙንና ጠባዩንም ንገሩአቸው። የትኛው ዛፍ በክፉ ዓመት እንዳፈራ፥ የትኛውም በጭጋግ እንደ ጸና፥ በመጽሐፍ ያልተጻፈ ዕውቀት በእናንተ ዘንድ አለና፥ ከእናንተ ጋራ ወደ መቃብር እንዳይወርድ ለመምህሩ ነግራችሁ አስጽፉት።

ለእማማም ይህን ሁሉ በሌላ ቀን አነበብሁላቸው። ሰምተው ዝም አሉና፥ «እንግዲያስ ያን ጫካ የሚጠብቀው ሰው ሲኒዬንም የሚጠብቅ ነው» አሉኝ። ከዚህ የተሻለ ማጠቃለያ አላገኘሁም።

ጥያቄዎች

1. ቡና በእንጦጦ ተራራ ላይ የማያፈራው ስለ ምንድር ነው?
2. በአሜሪካ አገሮች ያለው ብዙው ቡና እርስ በርሱ የተመሳሰለው እንዴት ነው? በዚህስ ምን ጉዳት ይመጣል?
3. ጤነኛ ሆኖ የተገኘ ዛፍ ሁሉ በሽታን ይመክታል ማለት ያልተቻለው ስለ ምንድር ነው? መርማሪዎቹ ይህን ለመለየት ምን አደረጉ?
4. ከእናት ዛፍ የተገኘው ጽናት በልጆቹ ላይ የታየው በምን ምክንያት ነው?
5. ግንድ አድርቅ ከዛፍ ወደ ዛፍ የሚተላለፈው በምን በምን ነው? ገበሬው ምን ሊያደርግ ይገባዋል?
6. የቡና ዘር እንደ ስንዴ ዘር በብርድ ክፍል የማይቀመጠው ስለ ምንድር ነው?
7. በመንደራችሁ ካሉት ሽማግሌዎች አንዱን ጠይቃችሁ፥ ዛሬ የማይዘራ ወይም የማይተከል የቀድሞ ዘር ስሙንና ጠባዩን ጽፋችሁ አምጡ።